አባቴን ያየሁባቸው ሁለት ካሜራዎች

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ስልክ እሸጣለሁ፤ እጠግናለሁም። ሱቄ ጠባብ ናት፤ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ደጅ ይቆማል። ከገዢ የምሰማው ጥያቄ ባለፉት ዓመታት ብዙም አልተለወጠም። ወንዱ «ባትሪው እንዴት ነው?» ይላል፤ ሴቷ «የፊት ካሜራውስ?» ትላለች፤ ከዚያ ሁለቱም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ብርሃን ሲያንስስ?» ብለው ይጨምራሉ። ለዚህ ጥያቄ በአፌ መልስ አልሰጥም። የሱቁን መዝጊያ እስከ ወገቡ አወርዳለሁ፣ አምፖሉን አጠፋለሁ፣ ስልኩን ወደ ገዢዋ ፊት አዞራለሁ። «እስቲ ራስሽን እዪ» እላታለሁ። በዚያ ድንግዝግዝ ውስጥ ፊቷ ፈክቶ፣ ጠርቶ ሲወጣ ስታይ ፈገግ ትላለች፤ ስልኩም ያኔ ተሸጠ ማለት ነው። ከአዘዞ ድረስ በሚኒባስ መጥቶ «ካሜራ የሚያውቀው ሰውዬ የትኛው ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው አለ። እኔ ነኝ። በዚህ ስም እኮራ ነበር።

ስለ አባቴ የምጽፈውን ከሱቄ የጀመርሁት ጥፋቴ ከዚያ ስለሚጀምር ነው። ካሜራ የማላውቅ ሰው ብሆን ኖሮ ዓይኔን አምን ነበር።

አባቴ የድጓ መምህር ነበሩ። ከድብ ባሕር፣ ከዋናው መንገድ ተገንጥሎ የአንድ ሰዓት ተኩል ዳገት በእግር በሚያስኬድ ደብር ዕድሜያቸውን ሙሉ ዜማ ሲያስተምሩ ኖረዋል። ተማሪዎቻቸው «የኔታ»፣ የአገሩ ሰው «መሪጌታ»፣ እኔና እህቴ ደግሞ «አባባ» ነበር የምንላቸው። እናታችን ከሞተች ወዲህ ቤቱን የያዘችው እህቴ ናት። ከእኔ በስድስት ዓመት ታንሳለች። ድብ ባሕር ላይ ባል አግብታ ነበር፤ አልሆነላትም፤ ተመልሳ መጣች። መሬቱን በእኩል ታሳርሳለች፣ ላሞቿን ታልባለች፣ አባቴን ትጦራለች። እኔ ወደ ከተማ እንድወርድ፣ እሷ እዚያ እንድትቀር ማንም ተቀምጦ የመከረ የለም። እንዲያው እንዲያ ሆኖ ቀረ።

ለእህቴ ጥሩ ስማርት ስልክ ሰጥቻት ስለነበር በቪዲዮ እንደዋወላለን። የአባቴ ዓይን ግን ደክሞ ነበር። በዚያች ጠባብ ስክሪን ላይ ፊቴን ለመለየት ዓይናቸውን ሲያጨነቁሩ ሳይ አንጀቴን ይበላኛል። ስለዚህ ጥምቀት ሰሞን ለእሳቸው ታብሌት ይዤላቸው ወጣሁ። ወደ ጎንደር ተመልሼ መጀመሪያ የደወልሁ ዕለት፣ ታብሌቱን አፍንጫቸው ድረስ አስጠግተው ሲያዩኝ ቆዩና፣

«ሸብተሃል ለካ» አሉኝ።

ከሦስት ቀን በፊት አብረን ነበርን። ጎን ለጎን ተቀምጠን ማዕድ ስንቆርስ ያላዩትን ሽበት በታብሌቱ አዩት። ደስ አለኝም፣ አዘንሁም።

አንድ ነገር ግን እንቢ አሉ፤ ደጅ ወጥተው በቪዲዮ አያወሩም። «መምህር ሆኜ፣ ተማሪ እያየኝ፣ ከመስተዋት ጋር ልነጋገር?» አሉ። በዚህ ላይ እህቴም እኔም ልናሳምናቸው አልቻልንም። ስለዚህ ሁሌም የምንገናኘው ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ተማሪዎቹ ሲያርፉ፣ በጓዳ ውስጥ ነበር። የደጋ ጓዳ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቀዋል። ለብርድ ሲባል መስኮቱ በሳንቃ ተዘግቷል፤ ግድግዳው ከጭስ ብዛት ጠቁሯል፤ ብርሃን የሚባለው ከዋናው በር ገብቶ፣ ጎታውን ዞሮ፣ ደክሞት የሚደርስ ነገር ነው።

በዚያ ብርሃን የታብሌቱ የፊት ካሜራ ምንም አልረባም። እነሱ እኔን ያዩኛል፤ እኔ ግን የማየው እንደተነፋ ጥቁር ጤፍ የሚርገበገብ ነገር ነው። ከመሃሉ ነጭ ጥምጥም አለ፤ ከጥምጥሙ በታች ድምፅ አለ። «አባባ፣ አልታዩኝም» እላለሁ። «ለእኔስ ትታየኛለህ» ይሉኛል። እሳቸው በዚህ ደስተኛ ነበሩ። ያልተደሰትሁት እኔ ነኝ።

ሰኔ ላይ ልጠይቃቸው ሄድሁ። የደረስሁ ዕለት ጉሙ አጥር ግቢውን ሁሉ ውጦት፣ በቀን ቤቱ ጨልሞ ነበር። አንድ ሽማግሌ ጎረቤታችን፣ አያ የምንላቸው፣ እሳት ሊሞቁ መጥተው ተቀምጠዋል። እኔም ሱቄ ውስጥ ያለሁ መሰለኝ፤ ትርኢቴን ጀመርሁ። አባቴን መደቡ ላይ አስቀመጥኋቸው። ታብሌቱንና የእህቴን ስልክ ጎታው ላይ ጎን ለጎን አስደግፌ፣ በሁለቱም የፊት ካሜራ አንድ ዓይነት ፎቶ አነሣኋቸው። ከዚያ ሁለቱን አስጠግቼ አሳየኋቸው።

በታብሌቱ ላይ ያሉት ሽማግሌ ጨለማ ውስጥ የተቀመጡ ሽማግሌ ናቸው። ፊታቸው ሻካራ ነው፣ ጉንጫቸው ጎድጉዷል፣ ቀለማቸው ወደ ቡናማ ያደላል። በስልኩ ላይ ያሉት ግን በጠዋት ፀሐይ የተቀመጡ ይመስላሉ። ግንባራቸው ጠርቷል፣ ዓይናቸው ነጥቷል፣ ከዓይናቸው ሥር ያለው ከረጢት የለም።

«ሸጋ ነው!» አሉ ጎረቤታችን። «መሪጌታ፣ ዐሥር ዓመት ቀነሰልዎት እኮ።»

«እንዴት ነው ይኸ?» አለች እህቴ።

አስረዳሁ። የታብሌቱን የፊት ካሜራ ሠሪዎቹ ብዙ እንዳልደከሙበት፣ ዓይኑ ጠባብ እንደሆነ፣ ብርሃን ሲያንሰው ያገኘውን ያህል ብቻ እንደሚያሳይ ነገርኋቸው። ስልኩ ግን በአንድ ቅጽበት ብዙ ፎቶ አንሥቶ ይደራርባል፤ የጠቆረውን ያቀላል፣ የጎደለውን ይሞላል፣ ፊት መሆኑን ካወቀ ደግሞ ቆዳውን ያለሰልሳል። ያን የሚያለሰልሰውን ነገር በሴቲንግ ከፍ ማድረግም ይቻላል አልሁና፣ እዚያው እያዩኝ ከፍ አደረግሁት።

አባቴ ፈገግ ብለው ሲሰሙ ቆይተው ጠየቁኝ። «የጎደለውን ይሞላል አልህ። ከየት አምጥቶ?»

«ገምቶ ነው አባባ።»

«ገምቶ?» አሉ። «እንግዲያ ያየውም እሱ፣ የገመተውም እሱ ከሆነ፣ እኔ የቱ ላይ ነኝ?»

ጎረቤታችን ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። አባቴ በጣታቸው ታብሌቱን ነካ አድርገው፣ «እኔስ ይኸኛው ነኝ» አሉ። ልብ ብሎ የሰማቸው ሰው አልነበረም።

ከመሄዴ በፊት ለእህቴ እንዲህ ብዬ አዘዝኋት፤ «ከእንግዲህ በስልኩ ደውይልኝ። ታብሌቱ ይቀመጥ።» ታብሌቱን በነጠላ ጠቅልላ ሣጥን ውስጥ ከተተችው። ያኔ ያላሰብሁትን አሁን አስባለሁ። ታብሌቱን የገዛሁት እሳቸው እኔን እንዲያዩኝ ነበር። ያስቀመጥሁት ደግሞ እኔ እሳቸውን እንዳያቸው ነው። በዚያች ትንሽ ስክሪን ላይ እንደገና ዓይናቸውን እያጨነቆሩ ሲፈልጉኝ፣ እኔ የማየው የጠራ ፊታቸውን ስለነበር ማጨንቆራቸው ራሱ ፈገግታ መሰለኝ።

ክረምቱ ገባ። ያ ክረምት መንገዱ አንድ ሳምንት ቢከፈት ሁለት ሳምንት የሚዘጋበት ነበር፤ ለምን እንደነበር ለጎንደር ሰው መንገር አያስፈልግም። ኔትወርኩም እንደ መንገዱ ነው፤ አለ ሲሉት የለም። ባለ ቁጥር ግን ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንደዋወላለን። የሱቄን ወንበር ወደ ጥግ ስቤ እቀመጥና የአባቴ ፊት ብቅ ሲል ሸክሜ ሁሉ ይወርድልኛል።

«እንዴት ዋሉ አባባ?»

«ይክበር ይመስገን፤ አለሁ።»

«ምነው፣ ወዝዎ እንዲህ ተመለሰ? ጎረምሳ ሆነዋል እኮ!»

«ወዙስ ከአንተ ስልክ ነው» ይላሉ። እሳቸው ቀልድ አድርገው የሚናገሩትን እኔ እንደ ምስጋና እቀበለው ነበር።

ፍልሰታ ከገባ በኋላ እህቴ ነገር ነገር ማለት ጀመረች። አባባ ከቅዳሴ ተመልሰው የቀረበላቸውን ገፋ ያደርጋሉ። ከቀኝ ጎናቸው ይወጋኛል ይላሉ። ሌሊት ያቃስታሉ። እኔ ለሁሉም መልስ ነበረኝ። ጾሙ ነው፤ ሽሮው ነው፤ ብርዱ ነው፤ ዕድሜ ነው። «ፊታቸው እንደሆነ ሸጋ ነው» እላታለሁ። «እንዲያውም ከባለፈው ይሻላል።»

አንድ ቀን በታብሌቱ ተደወለልኝ። አራት ቀን ሙሉ ፀሐይ ስላልወጣ ሶላሩ አልሞላም፤ የእህቴ ስልክ ጠፍቷል፤ ከሣጥን የወጣው ታብሌት ግን ቻርጁ አላለቀም ነበር። ከፍቼ ሳይ ያ የድሮው የሚርገበገብ ነገር መጣ። አሁን ግን ቡናማ አልነበረም። እንደቆየ ጧፍ ቢጫ ነበር።

«ወንድምዓለም» አለች እህቴ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ዓይናቸውን እየው። እስቲ ላስጠጋልህ።»

አስጠጋችው። የአባቴ ዓይን ስክሪኑን ሞላው። ነጩ እንደ ኑግ አበባ ሆኗል። አየሁት። አላየሁም ማለት አልችልም።

«ታብሌቱ ነው እታለም» አልኋት። «ብርሃን ሲያጣ ቀለም ይስታል። ሰኔ ላይ ጎን ለጎን አድርጌ ያሳየኋችሁን ረሳሽው?»

«በዓይኔም ሳያቸው እንዲያ መሰለኝ።»

«በዓይንሽ የት? ጓዳ ውስጥ አይደል የምታያቸው?»

«ጠዋት ደጅ ሲወጡም እንዲያው ነው። አያም 'የወፍ በሽታ እንዳይሆን' ብለውኛል።»

«የአያ ዓይን ከአባባ ዓይን ይብሳል። ሰው በነገረሽ ሁሉ አትሸበሪ። ነገ ስልኩ ሲሞላ በእሱ እናያለን።»

በማግስቱ ጥቂት ፀሐይ ወጣ። በስልኩ ተደዋወልን። አባቴ በዚያ ጓዳ ውስጥ ጠርተው፣ ፈክተው፣ ዓይናቸው እንደ ወተት ነጥቶ ብቅ አሉ።

«አላልሁሽም?» አልኋት።

«እንግዲህ አንተ ታውቃለህ» አለች እህቴ።

ይህን ያለችው በምፀት አልነበረም። ከልቧ ነው። ዓይኗ የነገራትን ትታ የእኔን ዕውቀት አመነች። ከዚያ ቀን በኋላ ስለ ቀለማቸው ዳግም አላነሣችም። አባቴ ራሳቸው አንድ ጊዜ፣ «ገላዬን ሁሉ ያሳክከኛል» ብለውኛል። «የክረምት ቁንጫ ነው» አልኋቸው። ሳቁ። ቁንጫ ሲሆን እንዴት እንደሚያሳክክ ሰባ ምናምን ዓመት ደጋ ለኖረ ሰው እኔ ልነግረው!

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። ያን የሚያለሰልሰውን ነገር በገዛ እጄ ከፍ ያደረግሁት እኔ ነኝ። ሱቄ ለሚመጡት ሁሉ ስልክ ቀለምን ጭምር እንደሚያስተካክል፣ ቢጫውን ነጭ፣ ግራጫውን ቀይ ዳማ እንደሚያደርግ የምናገረው እኔ ነኝ። «ይኸን ካጠፋሽው የራስሽ ፊት ይመጣል» የምለውም እኔው ነኝ። እህቴን «እስቲ አጥፊው» ለማለት ግማሽ ደቂቃ ይበቃኝ ነበር። አላሰብሁትም ብል ማንም ያምነኛል። እኔ ግን እንጃ። የጠራው ፊት ተስማምቶኝ ነበር፤ የሚስማማውን ነገር የሚመረምር ሰው ጥቂት ነው።

መስከረም በገባ በሁለተኛው ሳምንት ማለዳ እህቴ ደወለች። በድምፅ ብቻ ነው።

«አባባ እየተንቀጠቀጡ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ትኩሳት ነበረባቸው። ሰው ጠርቻለሁ፤ በቃሬዛ እያወረድናቸው ነው። ማኪና ከተገኘ እንመጣለን።»

ተማሪዎቻቸው እየተፈራረቁ ያን ዳገት ቁልቁል ተሸክመዋቸው ወረዱ። መንገዱ በዚያ ቀን ክፍት ነበር። ሱቄን ዘግቼ ሆስፒታሉ በር ላይ ቆምሁ። ከሰዓት ስምንት ሰዓት ገደማ ደረሱ። ዝናቡ አባርቶ፣ ፀሐይዋ ዓይን የምትወጋ ነበረች። የማኪናው በር ተከፈተና እህቴ ወረደች፤ ከዚያ አባቴን አወረዷቸው።

አባቴ ቢጫ ነበሩ። ፊታቸው፣ አንገታቸው፣ ከጋቢው የወጣው እጃቸው፣ ጥፍራቸው ሳይቀር። ዓይናቸውን ሲገልጡ ከታብሌቱ ላይ ያየሁት ዓይን ነው። ያው ቀለም፤ ጨምሮ እንጂ ቀንሶ አይደለም። ሰውነታቸው ከጋቢው ውስጥ አልቆ፣ አጥንታቸው ብቻ ቀርቷል። ቆሜ አየኋቸው። ማንሣት እንኳ አላገዝሁም።

«ምነው እንዲህ ታየኛለህ?» አሉኝ። «አላወቅኸኝም?»

ውስጥ የተቀበለችን ሐኪም ወጣት ሴት ናት። የዓይናቸውን ቆብ ወደ ታች ሳብ አድርጋ አየች፣ ቀኝ ጎናቸውን ስትጫን አቃሰቱ፣ የሽንታቸውን መልክ ጠየቀች። ከዚያ ቀና ብላ፣

«ቢጫ መሆን ከጀመሩ ስንት ጊዜ ሆናቸው?» አለች።



«ከፍልሰታ መግቢያ ጀምሮ» አለች እህቴ።

«ታዲያ እስካሁን አላያችሁም?»

«አይተን ነበር» አለች እህቴ። ወደ እኔ አልዞረችም።

የሐሞት መውረጃውን ድንጋይ ዘግቶት ነበር። ሐሞቱ ውስጥ ተጠራቅሞ ተመርዟል፣ መርዙም ወደ ደማቸው ገብቷል። ሐኪሟ የሚቻለውን አደረገች፤ በእሷ ላይ የምለው የለኝም። በሦስተኛው ቀን ለብቻዬ ጠርታ፣ ከወር በፊት ቢመጡ ኖሮ ድንጋዩን ማውጣት ይቻል እንደነበር ልትነግረኝ ጀመረችና ፊቴን አይታ አቋረጠችው።

አባቴ ያን ሰሞን ሲብስባቸው ይቃዣሉ፣ ሲሻላቸው ውዳሴ ማርያም ይደግማሉ። አንድ ቀን ከሰዓት፣ እህቴ ሾርባ ልታሞቅ ወጥታ ሳለ፣ እጄን ያዙኝ። እጃቸው ይፋጃል።

«ያ ስልክ ሸጋ አድርጎ ያሳየኝ ነበር አይደል?» አሉ።

«አዎ፣ አባባ።»

«አውቃለሁ። ስታየኝ ፊትህ ይፈካ ነበር። በዚያች ጠባብ መስተዋትም እሱ ይታየኝ ነበር።» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «ስለ ጎኔ ልነግርህ እልና፣ ደስ ብሎሃል፤ እተወዋለሁ።»

ምን እንዳልኋቸው አላስታውስም። ከዚህ ንግግር በኋላ ሦስት ቀን ቆይተው ዐረፉ።

አስከሬናቸውን ይዘን ወደ ደብራቸው ወጣን። ከዋናው መንገድ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ሜዳው ሁሉ አበባ ለብሶ ነበር፤ ቢጫ፣ እስከ ገደሉ አፋፍ ቢጫ። ተማሪዎቹ በዜማ እየቀደሙ ይሄዳሉ፤ እኔ መሬት መሬቱን እያየሁ ከኋላ እሄዳለሁ።

ለቀብሩ ፎቶግራፍ አሳትሜ ነበር። ካንዱ ጓደኛዬ ማተሚያ ቤት፣ ሰኔ ላይ በስልኩ ካነሣኋቸው ውስጥ ጥሩውን መርጬ፣ አስተልቄ፣ ፍሬም አስገብቼ ነው የወሰድሁት። ግቢ ውስጥ ስገልጠው እህቴ ቀረብ ብላ አየችው። ለረጅም ጊዜ አየችው።

«ይኸ ማን ነው?» አለች።

«አባባ ናቸዋ።»

«ጠባሳቸው የታለ?»

አባቴ ተማሪ ሳሉ፣ በየደጁ ሲለምኑ፣ ውሻ ነክሷቸው ከግራ ዓይናቸው ሥር እስከ ጉንጫቸው የወረደ ጠባሳ ነበራቸው። ልጆች ሆነን በጣታችን እንከተለው ነበር። ስልኩ ጠባሳውን እንደ እንከን ቆጥሮ ጠርጎታል። እኔ ፎቶውን ስመርጥ፣ ሳስተልቅ፣ ሳሳትም፣ ፍሬም ውስጥ ሳስገባ አላየሁም። እህቴ ወደ ቤት ገብታ ታብሌቱን ከነጠላው ፈትታ አመጣች። በዚያው የሰኔ ቀን የተነሣችውን ፎቶ ከፈተች። ሻካራ ናት፣ ጥቁር ናት፤ ግን ጠባሳው አለ፣ ከረጢቱ አለ፣ ጉንጫቸው ጎድጉዷል። ለቅሶ የመጡ ሴቶች ታብሌቱን ሲያዩ ነው ዋይታው የተነሣው። ያሳተምሁትን ፍሬም ማንም አልያዘውም። ግድግዳ ላይ አስደግፈውት ቀረ።

ከዚያች ፎቶ ላይ ደግሞ የዓይናቸው ነጭ ሰኔ ላይ ምን ይመስል እንደነበር ማየት ይቻላል። አጉልቼ ላየው ደፍሬ አላውቅም።

አርባቸው ሲወጣ ሄድሁ። ዝክሩ አልቆ፣ ሰው ተመርቆ ከሄደ በኋላ፣ እህቴ ከጎረቤት የተዋሰችውን ሳህን እየለየች ደጅ ተቀምጣ ነበር። አጠገቧ ተቀመጥሁ። አርባ ቀን ሙሉ ሳዘጋጀው የነበረውን ሁሉ ነገርኋት። ሴቲንጉን ከፍ ያደረግሁት እኔ እንደሆንሁ፣ ስልኩ ቢጫውን እንዴት እንደሚያጥበው፣ ታብሌቱ እውነቱን ሲነግረን ታብሌቱ ነው ብዬ እንዳስተባበልሁ፣ ግማሽ ደቂቃ ይበቃኝ እንደነበር። እያለቀስሁ ነበር የምናገረው። እሷ ሳህኗን አላስቀመጠችም።

«ጨረስህ?» አለችኝ።

«አዎ።»

«ካሜራውን ተወው። እኔም በስልኩ ሳያቸው ደስ ይለኝ ነበር። ስለ ካሜራ የከሰሰህ የለም።» ሳህኑን ከሌላው ላይ ደረበችው። «መንገዱ በፍልሰታ ሁለት ጊዜ ተከፍቶ ነበር።»

«አልሰማሁም ነበር።»

«ሰምተሃል። የነገርሁህ እኔ ነኝ። 'ዛሬ ማኪና እያለፈ ነው፤ ና እስቲ እያቸው' አልሁህ። ምን አልኸኝ?»

ምን እንዳልኋት አስታውሼ ነበር።

«'አሁን አየኋቸው አይደል' አልኸኝ» አለች።

ይህን ስጽፍ ከላይ መንገዱ ይዘጋ ነበር ብያለሁ። ውሸት አይደለም፤ ሙሉም አይደለም። በዚያ ክረምት ከድብ ባሕር ሁለቴ ጎንደር ወርዶ የተመለሰ ነጋዴ አውቃለሁ፤ ከእኔ ሱቅ ስልክ ገዝቶ ነው የሄደው። እኔ አብሬው ብወጣ፣ አባቴን ከጓዳ አውጥቼ ደጅ ፀሐይ ላይ ባስቀምጣቸው፣ ምንም ካሜራ ሳያስፈልገኝ አያቸው ነበር። አልወጣሁም። ዳገቱ አስጠልቶኝ ነበር፤ ጭቃው፣ ፍተሻው፣ የማኪና ጥበቃው። በየቀኑ ፊታቸውን ማየቴ መሄዴን የተካው መስሎኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ በወር አንድ ጊዜ መሄድ ጀመርሁ። አሁን ምን ይጠቅማል የሚል ሰው ይኖራል፤ እኔም ለራሴ እለዋለሁ። የመጀመሪያው ጊዜ ታኅሣሥ ነበር። ዳገቱን ወጥቼ፣ ላብ በላብ ሆኜ፣ ደጁን አልፌ ገባሁ። እህቴ ከመደቡ ላይ ብድግ አለች፤ አጎዛውን አራግፋ አነጠፈች።

«ደከመዎት? አረፍ ይበሉ እንጂ» አለችኝ።

ከኋላዬ ሌላ ሰው የገባ መስሎኝ ዞር አልሁ። ማንም የለም። ከልጅነታችን ጀምሮ አንተ ስትለኝ የኖረች እህቴ አንቱ ያለችው እኔን ነበር።

«ምነው እታለም?» አልኋት።

«ምን አጠፋሁ?» አለች ረጋ ብላ፤ ውኃ ልታመጣ ገባች።

ተቆጥታ ቢሆን እለምናት ነበር፤ ብታለቅስ አብሬ አለቅስ ነበር። አላኮረፈችም። የጓዳውን ሳንቃ አንሥታ መስኮቱን ከፍታዋለች፤ ቤቱ ብሩህ ሆኗል። እዚያ ተቀምጬ በላሁ። ስለ አዝመራው ጠየቅኋት፣ መለሰችልኝ። ስለ ሥራዬ ጠየቀችኝ፣ መለስሁላት። ስወጣ እስከ አጥሩ ሸኘችኝ፤ «በሰላም ይግቡ» አለችኝ።

ከዚያ በኋላም በሄድሁ ቁጥር እንዲሁ ነው። ለእግሬ ውኃ ታቀርባለች፣ ጠላውን ቀምሳ ትቀዳለች፣ ጥሩውን ቦታ ለእኔ ትለቃለች። ለእንግዳ ከሚገባው ክብር የጎደለብኝ ነገር የለም።